ወይዘሮ ተረከዝ

ኢፖ ከተማ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ የመንግሥት ተቆጣጣሪዋን ቫሳንታን በስሟ አይጠራትም። «ወይዘሮ ተረከዝ ወጥታለች» ይባባላሉ በስልክ። ያን ጊዜ በየመጦሪያው መጥረጊያና ባልዲ ይነሳል፣ አንሶላ ይቀየራል፣ ወለሉ በሎሚ ሣር ሳሙና ይታጠባል። ሳምንቱን ሙሉ የሩዝ ገንፎ በጨው ዓሣ ሲበሉ ለከረሙት ሽማግሌዎችም ትኩስ ዓሣ ይጠበሳል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ይወዷታል። «በየቀኑ ብትመጪ ምናለ? ወፍረን ነበር» ብላታለች አንዲት አሮጊት፣ የዓሣውን ራስ እየመጠጠች።

ስሙ የወጣላት ከአመሏ ነው። ሌሎቹ ተቆጣጣሪዎች የእሳት ማጥፊያውን፣ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥንና የኋላውን በር አይተው ይሄዳሉ። እሷም እነዚህን ሁሉ ታያለች። ከዚያ ግን አልጋ አጠገብ ቁጢጥ ትልና «እስቲ እግርዎን» ትላለች። ወጣት ሳለች ነርስ ነበረች፤ ሥራውን የተወችው በሽተኛ ሰልችቷት ሳይሆን ሐኪሞች ሰልችተዋት ነው። አንሶላ በአንድ ጠዋት ነጭ እንደሚሆን ታውቃለች። ማንም የማያገላብጠው ሰው ተረከዝ ግን በአንድ ጠዋት አይድንም። እዚህ ላይ ማንም አታልሏት አያውቅም፣ ኩራቷም እሱ ነበር።

ከአጎት ዌንግ ጋር የተዋወቁት በዚሁ በተረከዝ ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀጉር ሲቆርጡ የኖሩ፣ ልጅም ሚስትም የሌላቸው፣ ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰው ናቸው። ከገበያው ጀርባ በነበረው መጦሪያ ቫሳንታ አንሶላቸውን ገለጥ ስታደርግ ግራ ተረከዛቸው ተቦርቡሮ አገኘችው። ቤቱ ተዘጋ። መዘጋቱም ተገቢ ነበር። ቁስሉ በስንት መከራ ዳነላቸውና ተራራው ሥር ወዳለ ሌላ ቤት ተዛወሩ። እዚያ ደግሞ የኋላው የብረት በር በጋን ቁልፍ ተቆልፎ መክፈቻው ጠፍቶ አገኘች። እሳት ቢነሳ ሁሉም እንዳሉ መንደዳቸው ነው። እሱንም ዘጋች፣ ቢሮ ውስጥም ተጨበጨበላት።

ያልተጨበጨበለት ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከተዘጋው ቤት የዓሣ ራስ ትወድ የነበረችውን አሮጊት ወስደው ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው በሌለበት ሩቅ ከተማ አስቀመጧት። ቫሳንታ ልትጠይቃት ስትሄድ ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ መናገር ካቆመች ቆይታለች አሏት። ቢሮው ቤት መዝጋት ያውቅበታል። የተዘጋበትን ሰው ደህና ቦታ ማስገባት የማን ሥራ እንደሆነ ግን ቫሳንታ ከፎቅ ፎቅ እየዞረች ብትጠይቅ የሚነግራት አላገኘችም።

ሦስተኛው ቤት የሲስተር ፊሎሚና ነው። ሲስተር ፊሎሚና ከመንግሥት ሆስፒታል ጡረታ የወጣች፣ ሆደ ቡቡ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። የሰው እጅ አይበረክትላትም፤ ከባሕር ማዶ የምታስመጣቸው ረዳቶች ሥራውን ሲለምዱት ወደ ፋብሪካ ይኮበልላሉ። ባለፈው ቁጥጥር ቫሳንታ የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ ሰጥታታለች። አንድ ጥፋት ከተገኘ ይዘጋል። ይህን ስትናገር አጎት ዌንግ በረንዳው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር።

በረንዳው የሳቸው ፀጉር ቤት ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ መቀስና አንድ ደንበኛ አላቸው። ደንበኛው አጎት ማኒካም፣ የድሮ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ራሳቸው ላይ የቀረው ፀጉር በጣት የሚቆጠር ቢሆንም በየሳምንቱ ይቆረጣሉ።

«ያቺን ጉንጉን ሳልቆርጣት አልሞትም» አሏት አጎት ዌንግ ያን ዕለት፣ ወገቧ ድረስ የወረደውን ፀጉሯን እያዩ።

«አጎቴ፣ እጅዎን ሰብሰብ።»

«አንቺ ሁለት ቤት ዘግተሽብኝ፣ እኔ አንድ ጉንጉን ብቆርጥ ምን አለበት?»

ማኒካም ሳቁ። ቫሳንታም ሳቀች። አጎት ዌንግ ግን መቀሱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ቂም አልያዝኩም። ሥራሽ ነው። ግን ሦስተኛ ሻንጣ አታስይዢኝ። እዚህ ወንበሬ አለ፤ ይሄ መላጣም አለ። እዚሁ ልሙት።»

«ሕጉ ነው እኮ፣ አጎቴ።»

«ሕጉማ የትም አይሄድም። የምሄደው እኔ ነኝ።»

ቫሳንታ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በራሷ ተናደደች።

ተመልሳ የመጣችው ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ነው። ነጠላ ጫማዋን ደጃፍ አውልቃ ገባች። የኋላው በር መክፈቻ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እሳት ማጥፊያው አዲስ ነው፣ ከወጥ ቤት የዓሣ ጥብስ ይሸታል። ሲስተር ፊሎሚና ከኋላ ከኋላዋ እያነከሰች ተከተለቻት። ቫሳንታ አንድ በአንድ ቁጢጥ እያለች እግር አየች፤ ሁሉም ደህና ነው። ደስ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ቤት «ይለፍ» ብላ ልትወጣ ነው።

አጎት ዌንግ በወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው በቅባት ተኝቷል። እግራቸው ላይ ጥቁር የቆዳ ጫማ አለ፣ መስታወት እስኪመስል ተወልውሎ፣ ክሩ ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

እኛ ዘንድ ሌባ እንኳ ጫማውን ደጃፍ ሳያወልቅ ቤት አይገባም እያልን እንቀልዳለን።

«አጎቴ ዌንግ፣ ቤት ውስጥ ጫማ?»

«ሰርግ አለብኝ። የወንድሜ ልጅ። አሁን መጥተው ይወስዱኛል።»

ማኒካም ከጎናቸው ሆነው ጣሪያውን ያያሉ።

«ወንድም የለኝም ብለውኝ አልነበር?»

«ሀብታም ሲሆን ተገኘ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋ። እኚህ ሰው እሷ ስትመጣ ብድግ ሳይሉ ቀርተው አያውቁም። ዛሬ አልተነሱም። የላይኛው ከንፈራቸው አልቦታል። የሎሚ ሣሩ ሳሙና፣ የጫማው ቀለምና የፀጉሩ ቅባት ከሥራቸው አንድ ሽታ ሊሸፍኑ እየታገሉ ነው። ቫሳንታ ያን ሽታ ከነርስነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ቁጢጥ አለች። «እስቲ እግርዎን።»

«ለሰርግ የለበሰ ሰው አይገፈፍም፣ ልጄ። ክሩን ለማሰር ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ ብታውቂ።»

እጇ ክሩን ይዟል። ሳብ ብታደርገው ይፈታል። ሲስተር ፊሎሚና በሩ ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«በሞቴ» አሉ አጎት ዌንግ፣ በጣም ቀስ ብለው። አሁን ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

ቫሳንታ አወቀች። በኋላ «እርግጠኛ አልነበርኩም» ብላ ራሷን ልታሞኝ ሞክራለች፤ ግን አውቃለች። ግድግዳውን የምታየው አሮጊት መጣችባት። አንድ ሰው እንኳ፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ የለመነኝን ላድርግለት አለች በልቧ። የያዘችውን ክር አጥብቃ አሰረችውና ተነሳች።

«ሰርጉ ያማረ ይሁን» አለቻቸው።

ደጃፍ ላይ ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች ሲስተር ፊሎሚናን ክንዷን ያዘቻት። «ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት። ነገ፣ ሲስተር። ሰምተሽኛል?» ሲስተር ፊሎሚና እያለቀሰች እሺ አለች። ቫሳንታ በዝናብ ውስጥ እየነዳች ስትሄድ ደግ ነገር የሠራች መስሏት ነበር። እስከ ዛሬ ይበልጥ የሚያንገበግባት ይህ ነው።

በማግስቱ አልወሰዷቸውም። ሐኪሙ ከየት ቤት መጣህ ማለቱ አይቀርም፤ ከዚያ ወሬው ቢሮ ይደርሳል፣ ቤቱ ይዘጋል። አጎት ዌንግ «ከወሰዳችሁኝ እህል አልቀምስም» አሉ፣ ሲስተር ፊሎሚናም ለራሷ ፈራች። ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበች፣ ያለፈው ድኖ የለም እንዴ እያለች ጠበቀች። የትኩሳቱ ንዳድ ሲያቃዣቸው አምቡላንስ ተጠራ። ሆስፒታል እግራቸውን ከጉልበት በላይ ቆረጡት። ያም ዘግይቶ ነበርና ሞቱ።

አለቃዋ ቫሳንታን አስጠራት። «በቅርቡ ይለፍ ያልሽው ቤት ነው። በመስኮት ነው እንዴ ያየሽው?»

«ገብቼ ነው ያየሁት» አለች።

«ታዲያ እግሩን አላየሽማ።»

«አላየሁም።»

ደመወዟ ተቀጣ፤ አልተከራከረችም። ቤቱ ይዘጋ ተባለ፣ ክልሉ የሷ ስለሆነም ይህን የምታስፈጽመው እሷው ሆነች።

የመዝጊያው ቀን ሁለት ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። መንገደኞች ናቸውና ሁሉም ጫማቸውን አድርገዋል። ቫሳንታ የሷን ደጃፍ አውልቃ በባዶ እግሯ ገባች። የዓሣ ጥብስ ሽታ የለም። አጎት ማኒካም በአጎት ዌንግ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ መቀሱ ጭናቸው ላይ ነው። ፀጉራቸው አድጎ ጆሯቸው ላይ ተንጨባሯል።

ፊታቸው ቁጢጥ አለች። ሽማግሌው ሳትጠይቃቸው እግራቸውን ዘረጉላት። ክሩን ፈትታ ጫማውን አወለቀች፣ ተረከዙን በመዳፏ ያዘችው። ጤነኛ ነው።

«ደህና ነው» አለች።

«የኔማ ደህና ነው።»

አንገቷን ደፋች። ስድብ ጠበቀች፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«እስኪሞት ድረስ አንቺን ሲያመሰግን ነበር» አሉ ማኒካም። «ጨዋ ልጅ ናት፣ ጫማዬን በእጇ አሰረችልኝ እያለ። ተይ አሁን አታልቅሺ። ወዴት ነው የምትወስዱን?»

የከተማውን ስም ነገረቻቸው።

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው፣ አጎቴ።»

«እዚያ ፀጉር የሚቆርጥ ሰው አለ?»

«አላውቅም።»

ማኒካም መቀሱን ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተው እግራቸውን ወደ ጫማው መለሱ።

«በይ እሰሪልኝ» አሏት። «ሩቅ ከሆነ ጠበቅ አድርጊው።»