አባይ ዳር ያስነጠሰው ሌባ

ነገ ወደ አባይ ስለምትወርዱ ይቺን ስሙ። ወሩ መጋቢት ነበር። ወንዙ ሲጎድል በታንኳ እየተሻገሩ የሚዘርፉት ይበረታሉ፤ እኛ ከመካነ ሰላም በታች ያለውን ዳርቻ በተራ እንጠብቃለን። የዚያን ቀን ከእኔ ጋር ተረኛው ጓደኛዬ አያሌው ነው። የቄስ ልጅ ነው፤ ተኩሱ አይስትም። አፉ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ አይከደንም።

የተሰረቀው የእትዬ በላይነሽ በሬ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ያላቸው በሬው ብቻ ነው፤ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያሳርሳሉ። ወንዙን ከተሻገረ አለቀ። «አብሽሩ፣ እናመጣዋለን» ብያቸው ወጣሁ።

ማታ ዘንቦ ስለነበር ዱካው በባትሪ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ የበሬው ኮቴ፣ ከጎኑ የአንድ ሰው በረባሶ። በሬ ገደል ስለማይወርድ ሌባው በዙሪያው መንገድ ሄዷል፤ እኛ በአቋራጭ ወረድን። አያሌው እስከ ታች ወሬውን አላቆመም። ጎህ ሲቀድ ቄጠማ ውስጥ የተደበቀች ታንኳ አገኘንና አጠገቧ አደፈጥን።

«ክላሽ አያጣውም፤ እስኪያስቀምጠው ትንፍሽ እንዳትል» አልኩት።

«እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

ሰውየው በሬውን እየጎተተ መጣ። ክላሹን ከትከሻው አውርዶ ሊያስቀምጥ ጎንበስ እንዳለ አስነጠሰው።

«ይማርህ» አለ አያሌው።

ያን ጊዜ ከሌባው በፊት አያሌውን ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር። አፈሙዙ ዞሮ የአያሌው ደረት ላይ አረፈ። ሰውየው ግን አፉ ለምዶበት «ያኑርህ» አለ። አለና ደንግጦ ቆመ፤ ጣቱ ቃታው ላይ ነው፣ አይስብም። ዘልዬ አፈሙዙን ወደ ላይ ገፋሁት። ጥይቱ ጆሮዬ ስር ጮኸ፤ ተያይዘን ውኃ ውስጥ ወደቅን። አያሌው ደርሶ በታንኳዋ ገመድ እጁን አሰረው። ግራ ጆሮዬ ይኸው እስከ ዛሬ ይጮሃል።

አያሌው አሁንም «ይማርህ ባልለው እኮ ይጨርሰን ነበር» ይላል። ባትለው መቼ ያየን ነበር? ስንት ጊዜ ነገርኩት፣ አይገባውም። እናንተ ስታደፍጡ አፋችሁን በፎጣ እሰሩ። እኔ ከዚያ ወዲህ ይቺን ፎጣ ተለይቻት አላውቅም።

የዚያን ቀን ግን አልነበረችኝም። በሬውን እየነዳን ዳገቱን ስናጋምስ፣ ሌባው በስብሶ ስለነበር ደግሞ አስነጠሰው። አያሌው ቁጣዬን ፈርቶ ዝም ብሎ ያየኛል። ሰውየውም እጁ እንደታሰረ ቆሞ ይጠብቃል። በሁለቱም ተናደድኩ።

«ይማርህ፤ በል አሁን ሂድ» አልኩት።