የሲስተር ዘንዶ

መጋቢት 11 ቀን ረቡዕ ጠዋት፣ ወንድም ጋሼ እንደተኛ አረፈ። መነጽር ከሚሠራበት ጠረጴዛ ዳር የራሱ የካርታ ክምር አንድ ጎድሎት ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሁለት ካርታዎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። የትኛው እንደሚገባ ገና አልወሰነም ነበር። እኔም አልነካኋቸውም።

ለቅሶ የመጡ ዘመዶች ዕድሜውን ሙሉ ካርታ ሲጫወት ኖረ ሲሉ ሰማሁ። ይህ መታረም አለበት። የጀመረው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ጨዋታውም ባለ ንጉሥና ንግሥቱ ካርታ አይደለም። አውሬና ተዋጊ የተሳለበት፣ በእሽግ የሚሸጥ ካርታ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ከሰበሰበው መካከል ስድሳ መርጦ ይቀርባል። ቁም ነገሩ የቱን ይዞ የቱን መተው እንደሚገባ ማወቅ ነው፤ ወንድም ጋሼ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የመነጽር ሱቁን ዘግቶ ከጀርባ ባለችው ክፍል ይጫወታሉ፤ እሱ፣ አንድ ታክሲ ነጂና ጡረታ የወጡ ነርስ። ነርሷን ሁላችንም ሲስተር እንላቸዋለን። ታክሲ ነጂው ወንድሜን "ዳኛው" ይለው ነበር፤ እሱ ከፈረደ ይግባኝ የለም እያለ ይቀልዳል።

ሲስተር የሚሳሱለት አንድ ካርታ ነበራቸው፤ የበረዶ ዘንዶ። ጨዋታውን ያስተማሯቸው ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ዘንዶውም ከገዙላቸው የመጀመሪያ እሽግ የወጣ ነው። ለከተማው ውድድር ሲመዘገቡ ክምራቸውን ለወንድም ጋሼ አስረከቡት። ዘንዶው የማይረባ ከሆነ እውነቱን ንገረኝ፣ እዚያ ሄጄ መሳቂያ አልሁን አሉት። እሺ ብሎ ተቀበለ፤ ውሎ ሲያድር ግን ጨነቀው። ቢዋሻቸው በሰው ፊት ሊዋረዱ ነው፤ ቢነግራቸው ደግሞ ባላቸውን ዳግም የቀበረባቸው ያህል ሊሆን ነው።

የሚፈትንበት የራሱ መንገድ ነበረው። ዘንዶውን አውጥቶ በቦታው ባዶ ወረቀት ያስገባል፤ ሥዕሉ እንዳያታልለው ነው። ከዚያ የሲስተርን ክምር በውዞ፣ እኔን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ይጫወታል። ወረቀቱን በመዘዘ ቁጥር ጨዋታውን ያቆምና፣ አሁን ዘንዶው ቢሆን ምን ይፈይድልኛል ብሎ ያስባል። እየመራ ሳለ የመጣውን አይቆጥረውም፤ ለሚመራ ሰው የትኛውም ካርታ ያምራል ባይ ነው። የሚፈርደው እየተሸነፈ ሳለ በመጣው ነው። ዘንዶውን ከእጅ ወደ ጨዋታው ለማውጣት ብዙ ዙር ጉልበት ማጠራቀም ያስፈልጋል፤ የሲስተር ክምር ግን ቶሎ ቶሎ በሚወጡ ትናንሽ ተዋጊዎች የተሞላ ነው። ዘንዶው መውጣት በሚችልበት ሰዓት ወይ አሸንፈዋል፣ ወይ አልቆላቸዋል። አንድ ምሽት እኔ ልከራከርለት ሞከርኩ።

"አንቺ ልጅ፣" አለኝ፣ "አሁን የምታዪው ሲስተርን ነው እንጂ ካርታውን አይደለም።"

ቅዳሜ ወደ ሱቁ አብሬው ሄድኩ።

"ሲስተር፣ ዘንዶው ያምራል፣" አላቸው ወንድም ጋሼ። "ግን እጅዎ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሸነፉ ያይዎታል እንጂ አያግዝዎትም።"

ሲስተር ካርታውን ተቀብለው አዩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ማልቀሳቸው መስሎን ደነገጥን። ለካ እየሳቁ ነው።

"ቁርጥ ባለቤቴን፣" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እኔ ዕቃ ሳጥብ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ 'አይዞሽ' ይለኝ ነበር።"

ታክሲ ነጂው ዘንዶውም እንደ ሲስተር ጡረታ ይውጣ ብሎ ፈረደ። በቦታው ማንም ዞር ብሎ የማያየው የድልድይ ጠባቂ የሚባል ካርታ ገባ። በውድድሩ ቀን ሲስተር አንድ ጎረምሳ ሊረታቸው ሲል ጠባቂውን መዘዙና መንገድ ዘጉበት። በሚቀጥለው ዙር ተሸነፉ፤ ቢሆንም እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ያችኑ ጨዋታ ደጋግመው ሲተርኩልን፣ ወንድም ጋሼ እንደ አዲስ እየሰማ ይስቅ ነበር።

መጋቢት 10 ቀን ማክሰኞ ከሥራ ሲወጣ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገባና፣ ዘንዶው መደርደሪያ ላይ እንዲቆም ባለ መቆሚያ የፕላስቲክ ማቀፊያ ገዛ። ሲስተር ቤት አልነበሩም። ለጎረቤታቸው ሰጣት፤ ካርታው ፀሐይ ካገኘው ቀለሙ ይለቃልና መስኮት አጠገብ እንዳያቆሙት ንገሪልኝ ብሎ አደራ አላት። ከዚያ ዳቦ ገዝቶ ቤት ገባ።