በእጇ የሠራችው የመጨረሻው ጥቅል

የአንድ ሰው ዕድሜ ሲጠቃለል ምን ያህል ይሆናል? አማቼ ሃያ ዓመት የሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ለሚሠሩ ኮምፒውተሮች ፕሮግራም በጥቅል በጥቅል እያሸገ ነው፤ ባልደረቦቹም «አሻጊው» ይሉታል። ከልጄ ጋር የተጋቡት እዚያው መሥሪያ ቤት ጎን ለጎን ሲሠሩ ተዋደው ነው። እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፋት።

በቀደም ሁለት ጥቅሎች አንድ ኮምፒውተር ላይ አብረን አንጫንም አሉ። በውስጣቸው ያሉት ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት መለያ ይዘው ተገኙ። መለያው ፕሮግራሙ ተሠርቶ ሲያልቅ ከራሱ ይዘት የሚወጣ ረጅም ቁጥር ነውና ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አይጋሩትም።

«መንታ ናቸው እንዴ?» አለ አለቃው።

«መንታስ ቢሆን አሻራው ለየቅል ነው። አንዱ ከሌላው ተገልብጦ ነው» አለ አማቼ።

እውነትም አንዱ ሰነፍ እንደ አዲስ መሥራት ታክቶት፣ የተሠራውን እንዳለ አንስቶ ሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ከትቶታል። ዋናውን የሠራችው ግን ልጄ ነበረች። ሌላው ሥራዋ ሁሉ በአዲስ ሲተካ፣ ከእጇ እንደወጣ የቀረው ይህ ብቻ ነው። ናፍቆት የት ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ እኔ ፎቶዋን አያለሁ፣ እሱ ያንን ቁጥር።

አለቃው ሁለቱም ከሥር ጀምሮ እንዲሠሩ፣ አሮጌዎቹም እንዲጠፉ አዘዘ።

«ጋሼ፣ ቅጂውን አሁኑኑ ላጥፋው። የሷን ብቻ ተዉልኝ፤ እሱ ምንም ጥፋት የለበትም» ብሎ አማቼ አለቃውን ለመነ።

እሺ ያለው የለም።