ከሐያት ዕድሜ ላይ የተቀነሱት ሦስት ዓመታት

አዋሽ ባቡር ጣቢያ ጀርባ አንድ የቴኒስ ሜዳ አለ። ያሠሩት ድሮ የምድር ባቡር የፈረንጅ አለቆች ናቸው፤ በሥራ ያላፈሰሱትን ላብ በጨዋታ ያፈሱ ዘንድ። ሐዲድ ጠጋኙ በዚያ ሐሩር ብረት ተሸክሞ ሲነድ፣ እነሱ ነጭ በነጭ ለብሰው ኳስ ያሳድዱ ነበር። ፈረንጆቹ ሄዱ። ባቡሩም ቆመ። ሜዳው ግን ነቅለው የሚሸጡት ብረት ስላልነበረው ቀረ።

ሐያት ከድሩ ከዚህ ሜዳ አጠገብ ባሉት የሠራተኛ ቤቶች በ1990 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተወለደች። አባቷ ከድሩ ከወሎ ለአንድ ክረምት የቀን ሥራ መጥቶ ሃያ ሁለት ዓመት ሐዲድ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ባቡሩ ከቆመ በኋላም ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ ጣቢያው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሥራው በይፋ አልቋል ብሎ የነገረው ሰው የለማ! እናቷ ሙስሊማ ለጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።

ቴኒስ ያስተማራት ጋሽ ይልማ ነው። ይልማ የጣቢያው ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር፤ ፈረንጆቹ ሁለት ለሁለት ሊጫወቱ አራተኛ ሰው ሲጎድላቸው እየተጠራ ጨዋታውን ለመደ። ከእነሱ የወረሰው አንድ የእንጨት ራኬት ነው። ሥርዓቱን ግን ራሱ አወጣው። የሜዳው መስመር ቀለም ከጠፋ ዘመን አልፎታል፤ ኖራ የሚያገኘው ባለሥልጣን ሊጎበኝ ሲመጣ ለመንገድ ዳር ድንጋይ ከተቀባው ጥቂት ሲተርፍ ነው። ጉብኝት በሌለበት ዓመት መስመር የለም። ስለዚህ ይልማ ደነገገ፦ ኳሷ ገብታ ወይም ወጥታ እንደሆነ ያየ ይናገር፣ በራሱም ላይ ቢሆን። በዚያ ሜዳ ላይ የዋሸ ሰው ሁለተኛ ራኬት አይጨብጥም።

ሐያት ይህን ሕግ በአሥር ዓመቷ ተቀበለችው። የሚገጥማት ሰው ሲታጣ ከዕቃ መጋዘኑ ግንብ ጋር ትጫወት ነበር፤ ግንቡ ላይ ኳስ የላጠው ክብ ቦታ ዛሬም አለ። ከግንቡ ጋር ስትጫወት እንኳ የወጣችባትን ኳስ ትቆጥር ነበር። ጎረቤት ስቆባታል፤ ከግንብ ጋር ተጫውታ የምትሸነፍ እሷን ብቻ አየን ይሏታል።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ሰመራ ያለ «የሸለቆው ኮከብ» የሚባል ክለብ አገኛት። ያገኛት ተሰጥኦ ሲያስስ እንዳይመስላችሁ። በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ «ሴት ስፖርተኞች» የምትል ሣጥን ባዶ ሆና አላስተኛ ብላው ነው። ቅጹ ላይ «የሜዳ ቴኒስ» የሚል ስላልነበረ «የጠረጴዛ ቴኒስ» ብለው መዘገቧት፤ ጠረጴዛውን የት እንደጣለችው የጠየቃት የለም።

የክለቡ ኃላፊ አቶ ሣህሌ ይባላል። ሣህሌ ስፖርት ተጫውቶ አያውቅም፤ ስለ ስፖርት ግን ሦስት ሰዓት ያለ ውኃ መናገር ይችላል። ስለ ሰፊው ሕዝብ ጤና ሲናገር ራሱ ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ያርፋል። ሐያትን አንድ ቀን ቢሮው አስጠርቶ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የታዳጊዎች ውድድር አዲስ አበባ እንዳለና ክለቡን ወክላ እንደምትሄድ አበሠራት። እሷም የዋህ ናትና አሥራ ሰባት ዓመት እንደሞላት ነገረችው።

«እሱ እናትሽ ዘንድ ነው ሐዩ» አላት። «እኛ ዘንድ አሥራ አራት ነሽ። ደግሞ ቀጭን ነሽ፣ ማን ያውቃል?»

ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ሯጩም፣ ኳስ ተጫዋቹም፣ ቦክሰኛውም ሁለት ሁለት ዕድሜ አለው፤ አንዱን እናቱ ታውቀዋለች፣ ሌላውን ክለቡ። ከድሩም ሲነገረው ሳቀ፤ ዕድሜ የሚጨምር አላህ መሆኑን አውቅ ነበር፣ የሚቀንስ ግን ዛሬ ገና አየሁ አለ። ከዚያ ሐያት ረግጣው ከማታውቀው ቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት ማኅተሙ ሳይደርቅ መጣላት፦ መስከረም 1993። ሜዳ ላይ በጣት ስፋት የማትዋሸው ልጅ ሦስት ዓመት በሙሉ ስትዋሽ ልቧ ድንግጥ አላለም። ሜዳው የይልማ ነው፤ ወረቀቱ የሣህሌ። ሁለቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ ብላ አላሰበችም።

ኅዳር 2007 ላይ ዋንጫውን ወሰደች። በመጨረሻው ግጥሚያ የገጠመቻት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መረቡን ይዛ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሐያት እጇን ስትጨብጣት ፊቷን ማየት አልቻለችም። ሰመራ ስትመለስ ባነር ተሰቀለ፣ ንግግር ተደረገ፣ ዋንጫው ሣህሌ ቢሮ ባለ የመስታወት ቁም ሣጥን ተቆለፈበት። ጋሽ ይልማ ወሬውን ከሬድዮ ሰምቶ፣ አዋሽ ስትገባ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ከስንት ዓመት በታች እንደነበረ ሬድዮው ተናግሮ ነበር። በማግስቱ ሜዳው ላይ አልወጣም።

ጥር ላይ ያርሚላ የምትባል የቼክ ሴት መጣች። ወደ እሳተ ገሞራው የሚሄዱ ቱሪስቶች አዋሽ ላይ ምሳ ይበላሉ፤ እሷም አስጎብኚዋ ታጁ እስኪጨርስ ስትዞር የኳስ ድምፅ ከግንቡ በኩል ሰማች። ያን ድምፅ እንቅልፍ ውስጥ ብትሆንም ትለየዋለች። ዕድሜዋን የበላው እሱ ነውና።

ያርሚላ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነበረች። በአንዲት የፋብሪካ ከተማ ተወልዳ እሷም እንደ ሐያት ከግንብ ጋር ነው የጀመረችው፤ አባቷ ከፋብሪካው ፈረቃ ሲወጣ ያሠለጥናት ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከትልልቆቹ ጋር ገባች። በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በርካሽ ሆቴል ከአገር አገር ስትዞር አሥራ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዓለም ስድሳ አንደኛ ሆና አንድ ክረምት ከረመች፤ ከዚያ በላይ አልወጣችም። አንድ ዋንጫ አላት፣ ማንም የማያስታውሰው። ጉልበቷን ሦስት ጊዜ ቀደው ሰፍተውላታል። በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ አንድ ማለዳ ከአልጋ ስትወርድ እግሯ ከዳት፤ በዚያው ቀረች። አሁን አራት የሸክላ አፈር ሜዳ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት አላት። ይህን ሁሉ ታጁ እየተረጎመ ስትነግራት ምሬትም ኩራትም አልነበራትም፤ ከድሩ ስለ ሐዲድ ሲያወራ እንደሚያወራው ነበር ያወራችው። ሐያት ይህች ሴት የእኛው ሰፈር ሰው ናት አለች በልቧ።

ተጫወቱ። ያርሚላ እያነከሰች እንኳ ኳሷን የፈለገችበት ታስቀምጣለች። በመሃል ሐያት አንዲት ኳስ በኃይል መታች፤ ማንም የማያየው መስመር አጠገብ አረፈች። ያርሚላ ገብታለች ብላ ነጥቡን ሰጠቻት። ሐያት ግን መረቡን ዞራ ሄዳ አቧራው ላይ ያለውን ምልክት በጣቷ አሳየች፤ ወጥታለች። ታጁ ምን ነካሽ፣ ሰጥታሽ የለ እንዴ አላት። ጋሽ ይልማ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ያርሚላ ከመሄዷ በፊት የራሷን ራኬት ሰጠቻት። በየመስከረሙ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ዓመት የሆኑ ስድስት ልጃገረዶች እንደምትወስድ፣ በውድድር እንደምታስገባቸው ነገረቻት። ስንት ዓመትሽ ነው ስትላት ሐያት እውነቱን ተናገረች። ያርሚላም መዘገበችው።

«ዘግይተሻል፣ ግን አልመሸብሽም» አለቻት በታጁ አፍ። «ሃያ ላይ ብትመጪ በሩ ዝግ ነው። ክንድሽን አይቼ አይደለም የምወስድሽ። ክንድ ሞልቷል።»

ግብዣው በወሩ መጣ፤ ስሟ፣ የልደቷ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1990፣ ሁሉም ልክ። ፓስፖርቱ ግን የሚወጣው በልደት ወረቀት ነው፤ ያላት ብቸኛ ወረቀት ደግሞ 1993 ይላል። የቪዛው መስኮት ላይ ያለችው ሴት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ እዚህ ሁለት ልጆች አሉ፣ የምትሄደው የትኛዋ ናት ብላ መለሰቻት።

ሐያት ሰመራ ወረደች። ሚኒባሱ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን አልፎ እስኪያደርሳት የምትለውን ስታጠና ዋለች። የምትፈልገው አንዲት ደብዳቤ ነበረች፦ ዕድሜዋን የቀነሰው ክለቡ መሆኑንና ትክክለኛው 1990 መሆኑን የምትገልጽ። ሣህሌ በትዕግሥት ሰማት። ሻይ አዘዘላት።

«ያቺ ደብዳቤ ከዚህ ቢሮ በወጣች ማግስት ዋንጫው ይሄዳል፣ ክለቡ ይታገዳል፣ እኔም እሄዳለሁ» አላት። «ለአንቺ ስል ስንት ሰው ልግደል?»

«ዋንጫውን እኔ እመልሳለሁ፣ ጋሽ ሣህሌ። ጥፋቱም የእኔ ይሁን።»

«ዋንጫው የሕዝብ ነው» አለ። ሕዝቡ ዋንጫው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ያለው ሣህሌ ኪስ ነው። «ለምን ትቸኩያለሽ? ሦስት ዓመት ጠብቂ። ያኔ በወረቀትም አሥራ ሰባት ትሆኛለሽ፣ በክብር እንልክሻለን። ዕድሜ የትም አይሄድም።»

እንዲህ ያለ ጥበብ የሚገኘው ከስብሰባ ብቻ ነው።

አዋሽ ተመልሳ ለጋሽ ይልማ ነገረችው። ስለ ወረቀቱ በአፏ የነገረችው ያን ጊዜ ነው።

«ለሴትየዋ ጻፊላት» አላት። «ወረቀቴ ውሸት ነው በያት።»

«ምን ትለኛለች ጋሼ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ወጥታለች ማለት ያንቺ ነው። ከዚያ በኋላ የእሷ ነው።»

ሐያት ስልኳን አውጥታ ጻፈች፤ አጠፋች፤ ጻፈች። ያርሚላ የምታውቀው በዚያ አቧራ ላይ ምልክቱን በጣቷ ያሳየቻትን ልጅ ነው። ያቺን ልጅ በገዛ እጇ መግደል አቃታት። በመጨረሻ እናቴ ታማለች፣ ዘንድሮ አልመጣም ብላ ላከች። ያን ሰዓት ሙስሊማ ጤነኛ ሆና ሳምቡሳ እየጠበሰች ነበር። ከዘይቱ ፊት ቀና ብላ ምነው ፊትሽ ጠቆረ አለቻት። ያርሚላ ቶሎ መለሰች፤ እናትሽን ይማርልሽ፣ ለመጪው ዓመት ቦታሽን እይዛለሁ አለች። ሐያት ስልኩን አጥፍታ ሳምቡሳውን ለሾፌሮቹ ይዛ ወጣች። በመጪው ዓመትም መልስ አልላከችም።

ሦስቱን ዓመት ሰመራ ተቀምጣ ጠበቀች። ከክለቡ ቢሮ ጀርባ ባለ አስፋልት ላይ ሣህሌ በኖራ መስመር አሠመረላት፤ እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። የሚገጥማት አልነበረም፤ ባጃጅ የሚያቆሙ ሾፌሮች አንዳንዴ ኳሷን ይመልሱላታል። የቀኝ ትከሻዋ በሁለተኛው ዓመት መጮኽ ጀመረ። በዚያው ክረምት ጋሽ ይልማ አዋሽ ላይ አረፈ፤ ለቀብሩ ስትደርስ ሜዳው ላይ ፍየል ታስሮበት አገኘች። የያርሚላን ራኬት ደግሞ ሣህሌ የዓለም አቀፍ ግንኙነታችን ማስረጃ ነው ብሎ ከዋንጫው ጎን ቆለፈበት።

2010 ገባ። ሐያት በወረቀት አሥራ ሰባት፣ በእናቷ ቆጠራ ሃያ ሆነች። ሣህሌ ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን ለመሰለ ነገር ቃሉን ይጠብቃል። «ተስፈኛዋ የአሥራ ሰባት ዓመት ስፖርተኛችን» የሚል ደብዳቤ ለያርሚላ በሁለት ማኅተም አስጽፎ ከሥሩ እሷም እንድትፈርም ሰጣት። ፈረመች።

የያርሚላ መልስ አጭር ነበር። ታጁ ራሱ ሰመራ መጥቶ አነበበላት፤ ሲያነብ ቀና ብሎ አላያትም።

«ከሦስት ዓመት በፊት ያገኘኋት ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ኳሷ በጣት ስፋት ብትወጣ ወጥታለች ብላኛለች። ምናልባት የምታውቋት ከሆነ ሰላም በሉልኝ። ይህችኛዋን አላውቃትም።»

ሐያት ዛሬም ሰመራ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗታል፣ በፋይሉ ሃያ አራት። ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይነሣም። ክለቡ የታዳጊዎች ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧታል፤ ጠረጴዛዋን በመጨረሻ አገኘች ማለት ነው። በክፍቱ የሣህሌ በር ከፊቷ በሚታየው ቁም ሣጥን ውስጥ የያርሚላ ራኬት ጅማቱ በሙቀት ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

ባለፈው ሰኔ ሂያም የምትባል የሎጊያ ልጅ ለምዝገባ መጣች። ከባጃጅ ማቆሚያው ግንብ ጋር ስትጫወት ያያት ሁሉ የሚያወራላት ልጅ ናት። ሐያት እስክሪብቶዋን አንሥታ ስንት ዓመትሽ ነው አለቻት።

«የትኛውን ልንገርሽ እቴ?» አለች ልጅቷ፣ እናቷ እንዳስጠናቻት።

«የእናትሽን።»

«አሥራ ሦስት።»

ከውስጠኛው ክፍል የሣህሌ ድምፅ፣ ሐዩ፣ አሥር በያት አለ። ሐያት ቁም ሣጥኑን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ያየ ይናገር የሚለው ሰው ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎታል። አሥር ብላ ጻፈች።

ሂያም በጣቶቿ ስትቆጥር ቆይታ፣ እንግዲያው አሥራ ሦስት የምሆነው መቼ ነው ብላ ጠየቀቻት።

«ከሦስት ዓመት በኋላ» አለቻት ሐያት፣ ማኅተሙን ወደ ቀለሙ እያስጠጋች። «ዕድሜ የትም አይሄድም።»