«ላይት» የተባለው የጋሽ ተክሌ ባና

ይህን የምጽፈው ፈረንሳይኛ የምታውቁ ወዳጆቼ እንድትረዱኝ ነው።

ጋሽ ተክሌ የሸመኑትን የበግ ጠጉር ባና ለአንዲት ፈረንሳያዊት ገዢ ሊልኩ ነው። ዛሬ መሐል ሜዳ ከተማ ከባናው ጋር የሚላከውን የእንግሊዝኛ መግለጫ ወደ ፈረንሳይኛ ስተረጉምላቸው «ላይት» የሚለው ቃል አስቆመኝ። ክብደቱ ቀላል ለማለት ከሆነ ፈረንሳይኛው «ሌዤ» ነው፤ ቀለሙ ፈካ ያለ ለማለት ከሆነ ግን «ክሌር»።

«ጋሼ፣ ባናው ቀላል ነው እንዴ?»

«ቀላል? ለመንዝ ብርድ? ኧረ ሰው እንዳይሰማሽ!» ብለው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ጎበጥኩ።

ፈካ ያለ እንዳልል ደግሞ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። እንግሊዝኛውን የጻፈው ሰው ባናውን ያየው አይመስለኝም።

ስሕተቱን እንዳለ ባሻግረው ገዢዋ ዕቃውን ትመልስባቸዋለች።

እባካችሁ፣ ከባድነትን በሙገሳ የሚገልጽ የፈረንሳይኛ ቃል እስከ ኅዳር ፲፪ ላኩልኝ፤ ባናው በማግስቱ ይጫናል።