ሻምበል የተኛበት ጨርቅ

ጨርቁ ቤት የገባው ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ረቡዕ። እንዲህ ይላል የልብስ አጣቢዋ ታናሽ ወንድም፤ ከዚያ ደግሞ ራሱ ይጠራጠራል። «ዘጠኝ ነው ስምንት? ረቡዕ መሆኑን ግን አልስትም» ይላል። የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅም ኖሮ የራሱን ቀን ማመን አቅቶታል።

እህቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንሶላ፣ ፎጣና የሐኪም ጋውን አጥባለች። ባልደረቦቿ «በረኪና» ይሏታል። ከእጇ በማይለቀው ሽታ የተነሳ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ምላሷ ነው፣ የነካውን ቀለም ያስለቅቃል የሚሉም አሉ። ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰርቪስ ይወስዳታል፤ ከሰዓት በኋላ አምጥቶ ያራግፋታል። ቤት ገብታ እግሯን የእንጨት ዱካዋ ላይ ከሰቀለችና ከሁለቱ ድመቶች አንዱ ጭኗ ላይ ከወጣ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አትነሳም።

ድመቶቹ የእናታቸው ናቸው። ነጯ ጥጥ፣ ጥቁሩ ከሰል ይባላሉ። እናታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ስትሞት የተናዘዘችው አጭር ነበር፤ ቤቱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ ድመቶቼን ግን አደራ። የእሷን ወንበር ድመቶቹ ወረሱት። ከዚያ ወዲህ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።

የውሻ ነገር የተነሳው በወንድምየው ምክንያት ነው። ማተሚያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ሆነ። ወይ አብሮ መሄድ፣ ወይ በሃምሳ ዓመቱ ሥራ ፍለጋ መዞር ነው። እንዳይሄድ ደግሞ፣ ባለፈው የካቲት ሁለቱም ሥራ በዋሉበት ሌባ በጓሮ አጥር ዘሎ የኋላውን በር ገንጥሎ ገብቷል። የወሰደው አንድ ካውያና አንድ አሮጌ ሬዲዮ ነው። «ምንም አልሆንኩም» ትላለች እህቱ። ይሁን እንጂ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመተኛቷ በፊት ጠረጴዛውን እየጎተተች በሩ ላይ ስታስጠጋ ወንድሟ ይሰማታል። እንዲህ ሆና እንዴት ብቻዋን ጥሏት ይሂድ? ውሻ ይገኝ አለ፤ ውሻ ካልገባ አልንቀሳቀስም። ድመቶቹን የሚያሳድድ ውሻ ከገባ ደግሞ አደራው ፈረሰ።

እሱ ያሰበው ቡችላ መግዛት ነበር። አብሯቸው ካደገ ይለምዳቸዋል ብሎ አንድ ቅዳሜ መንገድ ዳር ቡችሎችን በካርቶን ይዞ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄደ። ሻጩ፣ ይሄ ሲያድግ ለሌባ አንበሳ ነው፣ ለድመት ደግሞ ወንድም ይሆናል እያለ ማለለት። እናታቸውስ የት ናት ሲለው፣ «ሥራ ላይ ናት» አለው ሳይስቅ። የዚያን ቀን ወደ ቤት ይዞት የተመለሰው ቁንጫ ብቻ ነበር።

«ቡችላ ማሳደግ ልጅ ማሳደግ ነው» አለችው እህቱ እግሯ እንደተሰቀለ። «አንተ እንደሆንክ ትሄዳለህ። ሲያለቅስ ማን ይነሳለታል? ከሰል ነው?»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ እቴቴ?»

«የጋሼ ዘበኛው ሻምበል አለልህ።»

ሻምበል የሆስፒታሉን የኋላ በር የሚጠብቁት የሽማግሌው ዘበኛ ውሻ ነው። ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ። የልብስ ማጠቢያው በር ሥር ሞቅ ስለሚል ዘጠኝ ዓመት እዚያ ተኝቷል። ዘበኛው አሁን ጡረታ ወጥተው አራተኛ ፎቅ ላይ ካለች ልጃቸው ጋር ሊኖሩ ነው፤ እዚያ ደግሞ ውሻ አይገባም። እስከ እሁድ የሚወስደው ሰው እየፈለጉ ያገኙትን ሁሉ ይለምናሉ።

«እሱም ደክሞታል፣ እኔም ደክሞኛል» አለች። «ከሻምበልነቱ የቀረው ማዕረጉ ብቻ ነው። እንግባባለን።»

ወንድምየው ልቡ አልሞላም። ከድመት ጋር ኖሮ የማያውቅ ትልቅ ውሻ ነው። ጥጥን ጆሮዋን አሟት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሲወስዳት ነገሩን አነሳ። ሐኪሙ፣ ዕድሜው ሳይሆን አመሉ ነው የሚታየው፣ እናቱን ከማታውቀው ቡችላ እህትህ ዘጠኝ ዓመት የምታውቀው ውሻ ይሻላል አለው። ብቻ አስቀድመው በጠረን ይተዋወቁ። ውሻው ሦስት ሌሊት አንድ ጨርቅ ላይ ይተኛ፤ ከዚያ ጨርቁ ድመቶቹ ከሚበሉበት አጠገብ ይነጠፍ። ምግባቸውን ጥለው ከሸሹ ውሻው ይቆይ፤ ከበሉ ይምጣ። «ሰው ለይሉኝታ ሲል ይዋሻል፤ ድመት ግን አትዋሽም» አለው።

እህትየው ከአገልግሎት ከወጡ አንሶላዎች አንድ አረንጓዴ ቁራጭ መርጣ ለዘበኛው ሰጠች። ሻምበል ሦስት ሌሊት ተኛበት፤ ረቡዕ በፌስታል ጠቅልላ ይዛው መጣች። ወንድምየው ጠረጴዛው ላይ እርማት ይሠራ ነበር። ጓሮ የቧንቧው ውሃ ሲወርድ ሰማ። እሷ ከሥራ ስትገባ ውሃ የማይወርድበት ቀን ስለሌለ ነገሬ አላለውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ከድመቶቹ ሳህን አጠገብ ተነጠፈ። ጥጥ አሸተተችውና መብላቷን ቀጠለች። ከሰል በልቶ ሲጨርስ ላዩ ላይ ሁለት ጊዜ ዞረና ተጠቅልሎ ተኛ። እህትና ወንድም የፈተና ውጤት እንደሚያይ ሰው ቆመው አዩት።

«በቃ፣ ፈቀዱ» አለች።

በማግስቱ ወንድምየው የዝውውሩን ቅጽ ፈረመ።

እሁድ ዘበኛው ሻምበልን በገመድ እየመሩ፣ መብሊያውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ። «ልጄ፣ ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይሄ ግን ሳይበላም ይጮሃል፣ አታስርቢው» አሏት። ገመዱን አስረክበው ፊታቸው ሳይታይ ቶሎ ዞሩ።

ሻምበል ደፉን እንደተሻገረ ጥጥ አልጋ ሥር ገባች። ከሰል ጀርባው እንደ ቅስት ተቆልምሞ፣ እየተነፋ፣ በአንድ ዝላይ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወጣ። ሻምበል አውቶቡስ ውስጥ ያለ ጥፋቱ እንደተሰደበ ሽማግሌ ቀና ብሎ አያቸውና፣ በረጅሙ ተንፍሶ የኋላው በር ሥር ጋደም አለ። ሰኞም ከሰል አልወረደም።

ወንድምየው፣ ጨርቁ ላይ ተኝቶበት አልነበረም ወይ እያለ ሲገረም ዋለ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን እያዘጋጀ ሳለ ጨርቁን ለሻምበል ሊያነጥፍለት አነሳው። አፍንጫው ጋ ሲደርስ በረኪና በረኪና ሸተተው፤ የውሻ ጠረን የሚባል የለበትም። ያኔ የረቡዕ ውሃ ትዝ አለው። ከሆስፒታል የወጣ ጨርቅ ሳይታጠብ ደፍ አያልፍም፤ ይሄ የሠላሳ አንድ ዓመት ሕጓ ነው። ድመቶቹ እሺ ያሉት ለሻምበል ሳይሆን ለራሷ ለእህቱ ሽታ ነበር።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ሳቁ ግን አልረዘመም። አራሚ አይደለ፤ እጅ የሳተው ስሕተትና ሰው አውቆ የጻፈው፣ ወረቀት ላይ አንድ እንደሚመስሉ ያውቃል። የጻፈውን ካልጠየቁት አይለይም። እጇ ነው በልማድ ያጠበው፣ ወይስ እሱ አእምሮው አርፎ እንዲሄድ ብላ እሷ አውቃ? አውቃ ከሆነ ሊሄድ አይችልም፤ ቅጹ ደግሞ ተፈርሟል። ሲመሽ እጠይቃታለሁ አለ። ሲመሽ እግሯን ሰቅላ፣ ማንኪያ በእጇ እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷት አገኛት። ማንኪያውን ቀስ ብሎ ወሰደላት።

ማክሰኞ የእሱ አውቶቡስ የሚነሳው ሦስት ሰዓት ላይ ቢሆንም አሥራ አንድ ሳይሞላ ተነሳ። እሷ ሻሿን እያሰረች ነበር። ሻምበል የኋላውን በር ተደግፎ ተኝቷል፤ ጠረጴዛው ቦታው ላይ ነው፣ የጎተተው የለም።

«ከሰል ወርዶ በላ» አለችው ሳትዞር። «አሁን አትጨነቅ፣ ሂድ።»

ቀና ብሎ አየ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሁለት ቢጫ ዓይኖች፤ ከዓይኖቹ አጠገብ የተላሰ ሳህን፤ ከታች፣ ማታ እግሯን የሰቀለችበት ዱካ ቁም ሳጥኑን ተጠግቶ ቆሟል።

«እቴቴ» አለ።

«ወይ።»

«ያ ረቡዕ ያመጣሽው ጨርቅ…»

ውጭ የሰርቪሱ ጥሩምባ ጮኸ። ቦርሳዋን አንጠለጠለች፤ በረኪና የሰነጣጠቀው መዳፏን ጉንጩ ላይ አሳረፈችና፣ «ስትደርስ ደውል፣ እሺ?» አለችው። ሻምበል አጥንቱ እየተንቋቋ ተነስቶ እስከ አጥሩ በር ሸኛት።

ወንድምየው በባዶ እግሩ ተከትሏት ወጣ። አጥሩ በር ሲደርስ የሰርቪሱ በር ተዘግቶ ነበር።