የፋሲካ ሥጋና የልጄ ነጭ ሳጥን

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና በፋሲካ ዕለት፣ እዚሁ ቃሊቲ በገዛ ቤቴ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ጥፋቱ የእኔ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅና ጎረቤት ስመክርና ስቆጣ ኖሬያለሁ። የመከርኩትን እኔ ራሴ መፈጸም ሲከብደኝ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የቦይለር ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የማሽኑን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ በራሴ ተማርኩ። ቦይለር ቀልድ አያውቅም። በየሰዓቱ መለኪያውን፣ ጌጁን፣ አይተህ የእንፋሎቱን ግፊት መዝገብ ላይ ታሰፍራለህ። ቁጥሩ ውሸት ከሆነ አንድ ቀን ጣሪያው ይነሳል።

የመጀመሪያ ልጄ መስከረም ተማሪ ሳለች በክረምት ምሳዬን ይዛልኝ ትመጣ ነበር። እኔ ስበላ እሷ ጌጁን እያነበበች መዝገቡን ትሞላለች። አንድ ቀን ለሌላ ሥራ ወጣ ብዬ ስመለስ ጨዋታ ይዟት ሰዓቱ አልፏታል። የቀደመውን ቁጥር ገልብጣ ጽፋዋለች። በጣም ተቆጣሁ። ልጅ አስቀምጬ መሄዴ ራሱ ጥፋት እንደነበር ያኔ አልታየኝም። ቁጥሩ ላይ መስመር አስምሬ ከጎኑ «አላየሁም» ብላ እንድትጽፍ አደረግኳት።

«አባዬ፣ አለቃህ ቢቆጣህስ?» አለችኝ እያለቀሰች።

«ይቆጣ። ያላየሽውን አትጻፊ፣ ያየሽውንም አትደብቂ» አልኳት። ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደደገምኩባት እግዜር ይወቀው።

ዛሬ መስከረም ዶክተር ናት። የሕመምተኛ ዶክተር አይደለችም። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምራ የተመለሰች የረቂቅ ተሕዋስያን ተመራማሪ ናት። ሥራዋ ሜታቦሎሚክስ ይባላል። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ በዓይን የማትታይ አንዲት ሕዋስ የበላችውን ምን ምን እንዳደረገችው፣ በውስጧ ያለውን ጥቃቅን ነገር ሁሉ በማሽን እየለኩ ማወቅ ነው። ሕዋሷ የት ላይ ምግቧን እንደምታባክን ሲታወቅ ደግሞ ተፈጥሮዋን አስተካክለው የሚፈልጉትን ያሠሯታል። መስከረም የምታሠራው እርሾ ነው። ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈውን ሞላሰስ እየበላ ለመድኃኒት የሚሆን ጥሬ ዕቃ እንዲሰጥ ትፈልጋለች።

«ገባኝ» አልኳት። «እኔም የጭስ ማውጫውን ጭስ አይቼ ምድጃው ውስጥ ምን እንደጎደለ አውቅ ነበር።»

«አባዬ፣ ይህን ማስረዳት ለእኔ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል መሰለህ!» ብላ ሳቀች።

በዚያ ፋሲካ ዋዜማ የላብራቶሪያቸው ትልቁ ማቀዝቀዣ ተበላሸ። የሚጠግነው ሰው ከበዓሉ በኋላ ነው የሚመጣው። ሠራተኞቹ ናሙናዎቹን ተከፋፍለው ወሰዱ። መስከረምም ነጭ የፎም ሳጥን ይዛ መጣች። ባለቤቴ ዘነበች በራችን ላይ ባለችው ሱቅ ውሃና ለስላሳ የምትሸጥበት ዲፕ ፍሪዘር አላት። ሳጥኑ እዚያ ገባ።

«ለሁለት ሦስት ቀን የቤት ፍሪዘርም ይችለዋል፤ መቅለጥ ብቻ የለበትም» አለችን። «የዘጠኝ ወር ሥራዬ ነው። ማክሰኞ ማሽን ውስጥ ይገባል። ውጤቱን ይዤ ነው ውጭ አገር ስብሰባ ላይ የምቀርበው። አደራ፣ እንዳትከፍቱት።»

«አንከፍተውም» አልኩ። እውነትም በኋላ ሳነሳው እንዳልከፍተው ተጠንቅቄ ነበር።

በእኛ ሰፈር የቅርጫውን በሬ የማስመድበው እኔ ነኝ። አድልዎ አላውቅም፤ ለወንድሜም አንድ ብልት አልጨምርም። ስለዚህ በየበዓሉ እኔን ይጠራሉ። የፋሲካ ዕለት ጠዋትም ሥጋው ቅጠል ላይ ተመድቦ ዕጣ እየወጣ ሳለ ጎረቤቴ ግርማ እንደ ልማዱ ነገር ጀመረኝ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ዶክተሯ ልጅህ ራስ ምታቴን ማከም አቃታት አሉ። ምን ዓይነት ዶክተር ናት?»

«የአንተ ራስ ምታት በምን እንደሚመጣ ለማወቅ ዶክተር አያስፈልግም» አልኩት።

«ሰው በሬ ያረባል፣ የአንተዋ ጀርም ታረባለች!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም በልቤ ትንሽ ቅር እያለኝ ሳቅሁ። ልጅህ ተመልሳ መጥታ ምን ትሠራለች እየተባልኩ ብዙ ተጠይቄያለሁ።

ይኸው ግርማ ፍሪጁ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ተቃጥሎበት ኖሮ መደቡን እኔ ጋ እንዳስቀምጥለት ለመነኝ። እሺ አልኩት። የእኔና የእሱ ሥጋ ከነአጥንቱ ተቆልሎ ሲታይ ግን ፍሪዘሩ አልበቃ አለ። ከላይ ለስላሳ፣ ከታች ነጩ ሳጥን። ለስላሳውን አወጣሁ፤ አሁንም አልበቃም።

መስከረም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትንሽ ተኝታ ሳሪስ አቦ አክስቷን ለመጠየቅ ሄዳለች። ስልክ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም። ለምን እደውላለሁ? ሠላሳ ዓመት የእንፋሎት ቧንቧ ሙቀቱን እንዳያፈስ ስጠቀልል የኖርኩ ሰው ነኝ። ፎም ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። ሙቀት እንዳይወጣ የሚከለክል ነገር ሙቀት እንዳይገባም ይከለክላል። ዘነበች ሥጋውን ከአጥንቱ እስክትለይ ለአንድ ሰዓት ምንም አይሆንም ብዬ ሳጥኑን ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አራት ሰዓት ነበር።

ከዚያ ጠሩኝ። ሁለት ሰዎች በሆድ ዕቃው ተጣልተዋል። እሱን ሳስታርቅ ጥሬ ሥጋ ቀረበ፤ መጠጥ ቀረበ፤ ሁለት ወር ሙሉ ጾመናል። ዘነበች ሥጋውን ለይታ ፍሪዘሩን ዘጋች። ሳጥኑን እኔ ያወጣሁት በምክንያት መስሏት አልነካችውም።

ወደ ሱቁ የተመለስኩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የሱቁ ቆርቆሮ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ወንበሩ ሥር ውሃ ተንጠባጥቧል። ክዳኑን አነሳሁ። ትንንሾቹ ብልቃጦች በተርታ ተሰድረዋል፤ በመካከላቸው የነበረው በረዶ ውሃ ሆኗል። አንዱን ብልቃጥ አንስቼ ዘንበል ሳደርገው ውስጡ ያለው ነገር ፈሰስ አለ።

ብልቃጡን መልሼ አስቀመጥኩት።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። ውሃውን በጨርቅ አድርቄ፣ ሥጋውን ገፍቼ፣ ሳጥኑን መልሼ ከታች አስገባሁት።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለ» አለችኝ ዘነበች። ነገርኳት። «እስኪነጋ ድንጋይ ይሆናል። ማን ያውቃል? በዓሉን አታበላሽባት» አለች። ለልጇ አስባ ነው፤ አልፈርድባትም።

መስከረም አመሻሽ ላይ መጣች። ፍሪዘሩን ከፍታ ሳጥኑን በእጇ ዳሰሰችና ዞራ ሳመችኝ።

«ለሥጋው ቦታ ጠቦህም ሳጥኔን በቦታው አቆይተህልኛል። አመሰግናለሁ አባዬ።»

ቢላ ብትሰካብኝ ይሻል ነበር። ፆም ፈትቼ ራት ሳልበላ ያደርኩት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት አሮጌ ደብተር አወጣሁና እንደ ጥንቱ ጻፍኩ። አራት ሰዓት፣ ሳጥኑ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ቀልጦ ተገኘ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ተመለሰ። ከታች ፈረምኩ። ወረቀቱን ገንጥዬ ቁርስ ላይ ሰጠኋት።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ብዕር አወጣች።

«ፀሐይ በቀጥታ ይመታው ነበር?»

«ቆርቆሮው ሥር ነው።»

«ክዳኑ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፍቻለሁ። አንዱን ብልቃጥ አንስቻለሁ።»

«የትኛውን?»

«አላስተዋልኩም» አልኳት። ይህንንም ጻፈችው።

ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ናሙናው ሲቀልጥ በውስጡ ያለው ነገር መለዋወጡን ይቀጥላል» አለችኝ። «መልሶ ቢበርድም የድሮው አይደለም። ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም፤ የሰጡትን ይለካል። ባትነግረኝ ኖሮ ከሌላ ጊዜው የተለየ ቁጥር አይቼ አዲስ ነገር ያገኘሁ ይመስለኝ ነበር። ዓመታት ስከተለው እኖር ነበር።»

ወዲያው ለሥራ ባልደረባዋ ደወለች። የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለነበር ሰማሁ።

«መሲ፣ ለማንኛውም ማሽኑ ላይ እንጫነውና እንየው» አላት ባልደረባዋ። «ስብሰባው ደርሷል። ቤት ውስጥ የሆነውን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለችው። ቀና ብላ አየችኝና «አባቴም ያውቃል» አለች።

ስብሰባው ቀረባት። ዘጠኝ ወሩን ከመጀመሪያው ጀመረችው። እርሾውን መልሳ አሳደገች፣ በየሰዓቱ እየቀዳች መልሳ አቀዘቀዘች። ቅዳሜና እሁድ የሚባል አልነበራትም። ማታ ደክሟት ስትገባ ፊቷን ለማየት አፍር ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ፍሪዘሩ ላይ ብቻ ቴርሞሜትር አንጠልጥላ «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ክፍል ኃላፊ አንተ ነህ፤ ጠዋትና ማታ ትመዘግባለህ» አለችኝ። ውስጡ ያለው ውሃና ለስላሳ ብቻ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ እመዘግባለሁ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ውጤቱን በመሥሪያ ቤቷ አዳራሽ ስታቀርብ እኔንና እናቷን ጠራችን። ኮቴን ለብሼ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ከተናገረችው ከአሥር አንዱም አልገባኝም። እርሾው ምግቡን የሚያባክንበትን ቦታ እንዳገኘችና እንደደፈነችው ግን ገባኝ፤ ሰው ሲያጨበጭብም አየሁ። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ተነሥተው የመጀመሪያው ዙር ናሙና ለምን ከሠንጠረዡ እንደቀረ ጠየቁ።

«ቀልጦ ነበር» አለች። «የፋሲካ ዕለት ለአምስት ሰዓት ያህል ከፍሪዘር ውጭ ቆይቷል። ስለዚህ አልተጠቀምንበትም።»

የማንንም ስም አልጠራችም። ዘነበች ኮቴን ብትጎትተኝም ተነሣሁ።

«ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አባቷ» አልኩ። «ለሥጋ ቦታ ጠቦኝ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፕሮፌሰሩ ሳቃቸውን ገትተው «ሰዓቱን ማን መዘገበው?» አሉኝ።

«እኔ።»

«እንግዲያው ከየት እንደወጣች ገባኝ» አሉና ተቀመጡ።

ስንወጣ መስከረም ወፍራም የሥራ ደብተሯን ሰጠችኝ። የእኔ ወረቀት ከነፊርማዬ በቦታው ተለጥፏል። ገጾቹን ወደኋላ ገለጥኩ። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። አንድ ገጽ ላይ ግን፣ ቁጥር መኖር በነበረበት ረድፍ፣ በአማርኛ «አላየሁም» ይላል። ጥቂት ገጾች አልፌ ሌላ አገኘሁ። ውጭ አገር ስትማር የጻፈቻቸውም ደብተሮች እንደዚያው ናቸው አለችኝ፤ ፈረንጆቹ ይህ ምን ማለት ነው እያሉ ይጠይቋት ነበር።

ግርማ አሁንም ቅርጫ ሲመጣ «ጋሼ ደምሴ፣ ፍሪዘርህ ባዶ ነው ወይስ ጀርም አለበት?» ይለኛል። ያጠፋሁት አሁንም ይቆጨኛል፤ አንድ ስልክ ባለመደወሌ ልጄን ብዙ ወር አስለፍቻታለሁ። ያን ደብተር ሳስብ ግን አንገቴን አልደፋም። እኔ ለሠላሳ ዓመት የሞላሁት መዝገብ ፋብሪካው አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ የት እንደተጣለ አላውቅም። የእሷን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።